2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በእጅ ሠርቶ ማሳየት ይቻላል?

የቢቸናው መምህር

እንዴት ሰነበታችሁ። ቢቸና ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የዛሬ ወር ገደማ ክፍል ጨርሼ ስወጣ አንዲት ተማሪዬ ተከትላኝ መጣች። ታላቅ ወንድሟ ስልኩ ላይ ሳንቲም የሚለቀምበት ጌም ይጫወታል። ሳንቲሙ ሲጨምር ሲጨምር ቆይቶ 2,147,483,647 ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ቢለቅም ቢለቅም ንቅንቅ የለም። ልጅቱ ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ነው ያመጣችልኝ። «ቲቸር፣ ለምን ድፍን ሁለት ቢሊዮን ላይ አልቆመም? ይኼ ምን ዓይነት ቁጥር ነው?» አለችኝ።

የኮምፒውተር ጉዳይ መሆኑን በግርድፉ አውቅ ነበርና ነገርኳት። ከዚያ ደስ ይላታል ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩ። «ይህ ቁጥር ፕራይም ነው፤ ብቸኛ ቁጥር። ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።» መዳፏን አየችና «በምን አወቁ?» አለች። አንድ ቦታ አንብቤ ነበር፤ እሱን ነገርኳት። እሺ ብላ ሄደች። ግን እሺታዋ ያላመነ ሰው እሺታ ነበር።

ልክ ናት። እኔ ራሴ ጠዋት ማታ «ሰው ስላለ አትቀበሉ፣ ሠርታችሁ እዩት» የምል መምህር ነኝ። ያን ቀን ማታ ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ።

የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ46,340 ይበልጣል፣ ከ46,341 ያንሳል። ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ ከ46,341 በታች መገኘት አለበት። በ2 አይካፈልም፤ ጎዶሎ ነው። በ3 አይካፈልም፤ አኀዞቹ ሲደመሩ 46 ነው። በ5 አይካፈልም። በ7 አካፈልኩ፣ 1 ተረፈ። እንዲህ እያልኩ መብራት ሲኖርም ሲጠፋም እስከ 1,000 ድረስ ያሉትን 168 ብቸኛ ቁጥሮች ጨረስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እስከ 46,341 ያሉት ግን 4,792 ናቸው። በዚህ አያያዝ ከዓመት ከመንፈቅ በላይ መሆኑ ነው። እስከዚያ ልጅቱ አሥረኛ ክፍል ትገባለች።

አጭር መንገድ አለ ወይ? ኮምፒውተር ሳይነካ፣ ክፍል ውስጥ በጠመኔ የሚሠራ? የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አይታ «አሁን አመንኩ» የምትለው ዓይነት ነው የምፈልገው።

ጣና ማዶ

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባሕር ዳር ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ትውልዴ ሉማሜ ነው። የጌሙን ነገር ልንገርዎት፣ ዋናውን ጥያቄ ለሒሳብ ሰዎች ልተው።

ጌሙ ሳንቲሙን የሚይዘው በ32 ቢት ነው። 32 አምፖል በአንድ ረድፍ ተሰቅሏል ብለው ይንገሯት። እያንዳንዱ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንዱ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ለመለየት ይያዛል። 31 ይቀራሉ። የመጀመሪያው 1 ያወጣል፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4፣ እንዲህ እየታጠፈ የመጨረሻው 1,073,741,824። ሁሉም ሲበሩ ድምራቸው 2,147,483,647 ነው። የሚበራ አምፖል አለቀ፤ ስለዚህ ቆመ። ይህ ማለት ቁጥሩ 2³¹ ሲቀነስ 1 ነው።

ለቢቸና ልጆች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። ቆጠራው የጀመረው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ላይ ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት የቆዩ ማሽኖች 2,147,483,647ኛዋ ሰከንድ ላይ ይሞላሉ። ያቺ ሰከንድ በእኛ አቆጣጠር የምትውለው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ጥምቀት! ታቦታቱ ከወንዝ ዳር አድረው ሕዝቡ ጠበል ሊረጭ በሚጠብቅበት ሰዓት። ቀጥላ ባለችው ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና ራሱን 1894 ዓ.ም. ውስጥ ያገኘዋል። አዳዲሶቹ በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አይነካቸውም።

ብቸኛነቱንስ እኔ በኮድ በዓይን ጥቅሻ አሳይዎታለሁ። እርስዎ የጠየቁት ግን እሱን አይደለም።

መንቆረር

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ጥያቄዎን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ነው የተቀመጥኩት።

መንገድ አለ። የሄደበትም ሰው ይታወቃል፤ የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 በጻፈው ደብዳቤ ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። ሴንት ፒተርስበርግ ነበር የሚኖረው። በዚያን ጊዜ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ስሌት በጭንቅላቱና በሚጽፉለት ሰዎች እጅ ነው የሚሠራው።

ሁለት ነገር ያስፈልግዎታል። አንደኛው የማካፈሉን ድካም የሚያቀል ነው። ሁለተኛው የአካፋዮቹን ብዛት የሚቀንስ።

የመጀመሪያው በአገራችን አዲስ አይደለም። ያደግሁት ደብረ ኤልያስ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ ትንሽ ቀምሻለሁ። የዘንድሮውን አበቅቴ፣ በዓላትን ለማውጣት የሚያዘውን ቁጥር፣ እናውጣ። 5,500 ሲደመር 2018፣ 7,518። በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም 19 እየተቀነሰ ሲጣል፣ 13 ይተርፋል። 1 ሲቀነስ ወንበር 12። በ11 ሲባዛ 132። በ30 ሲገደፍ 12። አበቅቴ 12 ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ የዓምናውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ አይሠራም። ዓምና 1 ነበር፤ 11 ይጨምራል፤ 12 አለ። ለከርሞ 23። ከዚያ 34 ሊሆን ነው፤ 30ውን ይገድፋል፤ 4። ትልቁን ቁጥር ማንም አይሸከምም። በየደረጃው እየገደፉ ቢሄዱም መጨረሻ ላይ ገድፈው ቢያወጡት ቀሪው ያው ነው።

የእርስዎም ቁጥር በዚሁ ይሠራል። 2,147,483,647ን በ311 እንፈትን። ባለ 10 አኀዙን ቁጥር አንነካውም። ከ2 ተነሥተን እያባዛን 311 እየገደፍን ብቻ እንሄዳለን።

2⁸ = 256። 311 ለመሙላት 55 ይጎድለዋል፤ −55 ብለን እንያዘው።
2¹⁶፦ −55 በራሱ ሲባዛ 3,025። በ311 ሲገደፍ 226። ወይም −85።
2²⁴፦ −85 በ−55 ሲባዛ 4,675። ሲገደፍ 10።
2³¹፦ 10 በ128 ሲባዛ 1,280። ሲገደፍ 36።
1 ቀንሱ። 35።

ቀሪው 35 ነው፤ 311 አያካፍለውም። አራት መስመር። ቀሪው ሁልጊዜ ከአካፋዩ ስለሚያንስ፣ አካፋዩም ከ46,341 ስለማይደርስ፣ በመንገድ ላይ የሚገጥምዎት ብዜት ከ10 አኀዝ አይዘልም። ተራ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል፤ ከሌለም ወረቀት።

ሁለተኛው ነገር ዋናው ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ በ62 ሲካፈል የግድ 1 ሊተርፈው ይገባል። በ8 ሲካፈል ደግሞ የግድ 1 ወይም 7። ሁለቱን ሲያጣምሯቸው በ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። ሌላው ሁሉ ሳይፈተን ወደቀ።

ስንት ናቸው? እስከ 46,340 ድረስ 1 የሚተርፋቸው 186፣ 63 የሚተርፋቸው 187። ባጠቃላይ 373። ከነዚህ ውስጥ በ3፣ በ5ና በ7 የሚካፈሉትን ቢያወጡ ከግማሽ በታች ይሆናሉ። በትክክል ብቸኛ የሆኑት ከመቶ ያነሱ ናቸው። አራት አምስት መስመር ለእያንዳንዱ። አንድ ክፍል ተማሪ ተካፍሎ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳያዝኑ። እስከ 1,000 ከሠሯቸው 168 ቁጥሮች ውስጥ መፈተን የነበረበት አንድ ብቻ ነው። እሱም 311።

የቢቸናው መምህር

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላዘንኩም። ይህን እንዳነበብኩ ደብተሬን ፈልጌ ገለጥኩ። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ ሦስተኛ መስመር፦ «311 — ደራሽ 6,905,092 — ቀሪ 35»። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። እርስዎ በአራት መስመር ያወጡት 35፣ እኔ ያን ሁሉ አኀዝ ጎትቼ ያወጣሁት 35። ለብዙ ደቂቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ።

ስለ ኦይለር ዓይን የጻፉት ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። አያቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ጳጉሜን ሲገባ ሰው እየመጣ «የኔታ፣ የከርሞ ጾመ ነነዌ መቼ ይገባል? ፋሲካስ?» ይላቸዋል። እሳቸው መልስ አይሰጡም። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ መሄድ ይጀምራል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ተመልሶ። ከንፈራቸው ብቻ ይነቃነቃል። ከዚያ ቀኑን ይናገራሉ። አንድም ቀን ስተው አያውቁም። እኔ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየገደፉ ነው።

አሁን ግን 62ቷን ያስረዱኝ። ለምን የግድ 62? ይህን ካላወቅሁ ለልጅቱ ያው «ተብሏል» ማለቴ ነው። ከአንድ «ተብሏል» ወጥቼ ወደ ሌላ «ተብሏል» መግባት አልፈልግም።

መንቆረር

ይህን እንደሚጠይቁኝ አውቄ ነበር። በትንሽ ቁጥር እንጀምር።

2¹¹ ሲቀነስ 1፣ 2,047 ነው። 11 ብቸኛ ቁጥር ነውና 2,047ም ብቸኛ ይመስላል። አይደለም። 23 ጊዜ 89 ነው። አሁን ሁለቱን አካፋዮች ይዩ። 23 ማለት 22 ሲደመር 1። 89 ማለት አራት ጊዜ 22 ሲደመር 1። ሁለቱም በ22 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። 22 የ11 እጥፍ ነው። አጋጣሚ አይደለም።

ከ1 ይነሡ፣ በ2 ያባዙ፣ 23 ይግደፉ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ ከዚያ 24 ሊሆን ሲል 23 ይገደፋልና ተመልሶ 1። ዐውድ ሆነ። 11 እርምጃ ሄዶ ቤቱ ገባ። ለምን 11? 23 2,047ን ስለሚያካፍል ነው፤ 2¹¹ በ23 ሲገደፍ 1 መትረፉ የግድ ነው። ዐውዱ ከ11 ሊያጥር ይችላል? ቢያጥር ርዝመቱ 11ን ማካፈል አለበት። 11 ደግሞ ብቸኛ ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ርዝመቱ 1 እንዲሆን ደግሞ 2 ራሱ 1 መሆን ነበረበት። ስለዚህ በትክክል 11።

አሁን ሌላ ሕግ አለ፤ የፌርማ ነው። ማንኛውም ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ቢይዙ፣ ከሱ አንድ ባነሰ እርምጃም 2 ወደ 1 ይመለሳል። ለ23 ከሆነ በ22ኛው እርምጃ። እንግዲህ በ22 እርምጃ ቤት ለመግባት ባለ 11ዱ ዐውድ ሙሉ ዙር እየዞረ ማለቅ አለበት። ሁለት ዙር። ለ89 በ88 እርምጃ፣ ስምንት ዙር።

ወደ እርስዎ ቁጥር ሲመጡ 11 በነበረበት 31 ያስገቡ። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹ ሲቀነስ 1ን ካካፈለ፣ የ2 ዐውድ በሱ ላይ በትክክል 31 እርምጃ ነው፤ 31ም ብቸኛ ነውና። ስለዚህ ከዚያ አካፋይ 1 ሲቀነስ የ31 ብዜት ይሆናል። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ 1 ሲቀነስለት ሙሉ ነው፤ በ2 ይካፈላል። የ31 ብዜትም ሙሉም፤ የ62 ብዜት። ይኸው።

የ8ቷ ነገር ትንሽ ትከብዳለች። 2³¹ 1 ከተረፈው 2³² 2 ይተርፈዋል። 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። ይህ ማለት በዚያ አካፋይ ዓለም ውስጥ 2 የአንድ ቁጥር ስኩዌር ነው። እንዲህ የሚሆነው በ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 በሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። በ7 ላይ የ3 ስኩዌር 9፣ ሲገደፍ 2። በ17 ላይ የ6 ስኩዌር 36፣ ሲገደፍ 2። በ23 ላይ የ5 ስኩዌር 25፣ ሲገደፍ 2። በ5፣ በ11፣ በ13 ግን ቢሞክሩ 2 አይመጣም። ሙሉ ማረጋገጫው ለዘጠነኛ ክፍል ይረዝማል። «ተብሏል» ካልፈለጉ 8ቷን ይተዋት፤ 62 ብቻ ይዘው ይሂዱ። ያኔ ዝርዝሩ 747 ቁጥር ይሆናል። ብዙዎቹ በ3፣ በ5፣ በ7 ይወድቃሉ። ይበዛል፣ ግን ይቻላል።

የዲማ ደቀ መዝሙር

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። አንተ መንቆረር፣ ወንበር ለማውጣት 1 የሚቀነሰው ለምን እንደሆነ ዝም ብለህ አለፍከው። የያዝነው ዘመን ገና ስላልተፈጸመ ነው። እሱን ለልጆቹ ንገሩ፤ ያለ ምክንያት የሚቀነስ ነገር የለም።

አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 የማይወጡትም በዚሁ ነው። አንዱ በ11 ይባዛል፣ አንዱ በ19። 11ና 19 30 ናቸው። ዘንድሮ 12ና 18።

ቁጥሩን በግዕዝ እንዲህ ጻፍኩት፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። ከግራ ሲነበብ ሃያ አንድ እልፍ፣ አርባ ሰባት መቶ አርባ ስምንት፤ ይህ ሁሉ እንደገና በእልፍ ተባዝቶ፣ ሠላሳ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ይጨመርበታል። ፊደሉ ዜሮ ባይኖረውም ቁጥሩን መያዝ አላቃተውም። ልጅቷ በዚህም ትጻፈው።

ሌላም አለ። ዐውደ ፀሐይ 28 ነው፣ ዐውደ አበቅቴ 19። 19 ብቸኛ ስለሆነ፣ 28ንም ስለማያካፍል፣ ሁለቱ ዐውዶች አብረው ቤት የሚገቡት 28 ጊዜ 19 ዓመት ሲሞላ ነው፤ 532። እሱን ዐውደ ቀመር እንለዋለን። አያትህ ይህን በጣታቸው ያዞሩ ነበር፣ መምህር። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ፍኖተ ሰላም

መሪጌታ፣ 28ን ሲያነሡ አላስቻለኝም። 28 ከአካፋዮቹ ድምር ጋር እኩል ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። ፍጹም ቁጥር ይባላል። 28 ማለት 4 ጊዜ 7 ነው፤ 7 ደግሞ 2³ ሲቀነስ 1። የመምህሩም ቁጥር በ2³⁰ ሲባዛ እንዲሁ ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፦ 2,305,843,008,139,952,128። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመፈለግ ብሎ አይደክምም ብሎ ስላሰበ ነው። በ1876 ኤድዋር ሉካስ 2¹²⁷ ሲቀነስ 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። ባለ 39 አኀዝ ነው።

እኔ የሒሳብ ተማሪ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት። የሉካስን መንገድ ሌህመር አስተካክሎታል፤ አካፋይ መፈለግ ጨርሶ የለበትም። ከ4 ይነሣል። ስኩዌር ያደርጋል፣ 2 ይቀንሳል፣ ይገድፋል። በ127 ላይ ልሥራው፤ 127 ማለት 2⁷ ሲቀነስ 1 ነው፦ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። አምስት እርምጃ፤ ከ7 ሁለት ያነሰ። 0 ላይ ካረፈ ብቸኛ ነው፣ ካላረፈ አይደለም። 2,047 ላይ ሞክሩት፤ በዘጠነኛው እርምጃ 1,736 ላይ ይቆማል እንጂ 0 አይመጣም። ለመምህሩ ቁጥር 29 እርምጃ ነው፤ ግን ብዜቱ እስከ 19 አኀዝ ስለሚሄድ በጠመኔ ከባድ ነው። ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥርም ከዚሁ ዘር ነው፦ 2 ለ136,279,841 ረብቶ 1 ሲቀነስ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ነው የተገኘው፤ 41,024,320 አኀዝ አለው።

መምህር፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ብጠይቅ ዝም በይ ነበር የምባለው። ተማሪዎን ሰላም በሉልኝ።

የቢቸናው መምህር

መሪጌታ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቴ፤ ዛሬ ዓርብ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ልጆች ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው እንዲቆሙ አደረግሁ። ለእያንዳንዱ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ደረቱ ላይ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12። አንዱ ልጅ መሐል ገብቶ እየጮኸ «እጥፍ!» ይላል፤ ኳሷ ወደሚቀጥለው ትወረወራለች። 12ን የያዘው ልጅ ኳሷን ይዞ ቆመ። «24 የለም ቲቸር» አለ። «23 ግደፍ» አልኩት። ዞሮ አየ። ቀጥሎት የቆመው 1 ነው። ኳሷን ሲወረውርለት ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። ሁለት ዙር አስዞርኳቸውና ስንት እርምጃ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። 22። «ከ23 አንድ ያንሳል» ያለችው እሷ ናት፤ ባለ መዳፏ።

ረቡዕ ወደ 31 ገባን። 62 ላይ ለመድረስ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወሰደ። ሦስት ልጆች አልገባንም አሉ፤ ሐሙስ እንደገና ሠራነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ወጥተው አስረዱ። የ8ቷን ነገር በ7፣ በ17፣ በ23 አሳየኋቸው፣ በ5ና በ11 እንደማይሆንም አዩ። ይህን ብቻ ሙሉ ማረጋገጫውን እንዳላሳየኋቸው፣ ሲያድጉ እንደሚያገኙት ነግሬያቸዋለሁ። ድምፅ አሰጠሁ፦ 747ቱን እንሥራ ወይስ 373ቱን? በ373ቱ ተስማሙ። ሁለት ልጆች ግን 747ቱን በራሳቸው እንሠራለን ብለው ደብተር ይዘዋል። አልከለከልኳቸውም።

ዝርዝሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ አንድ ነገር ተፈጠረ። 248 እየጨመርን እየወረድን ነበር፦ 63፣ 311፣ 559፣ 807፣ 1,055፣ 1,303፣ 1,551፣ 1,799፣ ከዚያ 2,047። ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ቲቸር! 23 ጊዜ 89!» ወጥታ ራሷ ሰረዘችው። በሜዳው የዞርንበት ቁጥር እዚህ እንደሚጠብቀን እኔም አላየሁትም ነበር።

311ን ለእሷ ሰጠኋት። ደብተሬ ላይ ያለውን አላሳየኋትም። −55፣ −85፣ 10፣ 36 እያለች በራሷ ወረደች። 1 ቀነሰች። መዳፏ ላይ 35 ጽፋ አሳየችኝ። ያኔ ደብተሬን ስድስተኛው ገጽ ላይ ገልጬ ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «የሚቀጥለውን ስጡኝ» አለች።

1,303 ላይ 226 ተርፏል። 1,489 ላይ 199። ዛሬ ስንወጣ 14,000 ደርሰን ነበር፤ እስካሁን ዜሮ የመጣበት የለም። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ልጆች ለየብቻ ይሠሩታል፤ ቀሪያቸው ካልገጠመ ሦስተኛ ልጅ ይሠራዋል። ሰኞ ከዚያ እንቀጥላለን።